ኮሎራዶ፣ ተራራ ላይ፣ ሐይቅ ዳር፦ አሥር ሰው የሚገኝበት ትንሽ ጋብቻ እንዴት ይዘጋጅ?

ኦሮራ_ሙሽሪት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ነው። ሴፕቴምበር 20 ገደማ ሮኪ ማውንቴን ናሽናል ፓርክ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ለመጋባት አስበናል። ከእኛ ሌላ 8 ሰው ይኖራል፦ እናቴ ከአዲስ አበባ፣ የእሱ ወንድም ከነባለቤቱ ከዳላስ፣ የቀሩት ከዚሁ ከዴንቨር። አዳራሽ የለም፣ ዲጄ የለም። ሐበሻ ቀሚስ፣ ቀለበት፣ ምርቃት፣ ከተቻለ ቡና። ተክሊሉ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ይሆናል። የትኛው ሐይቅ ይሻላል? ምን ምን ወረቀት ያስፈልጋል? በስንት ሰዓት ይሁን? ጀበናውንስ ይዘን መሄድ እንችላለን?

ሁለት_ወረቀት

እንኳን ደስ ያላችሁ። ከሁሉ በፊት ላይሰንስና ፐርሚትን ለዩ፤ ሰው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። ላይሰንስ ካውንቲው የሚሰጠው የጋብቻ ፈቃድ ነው፣ ባልና ሚስት የሚያደርጋችሁ እሱ ነው። ፐርሚት ደግሞ ፓርኩ ቦታውን ለተወሰነ ሰዓት እንድትጠቀሙበት የሚሰጣችሁ ፈቃድ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ላይሰንሱ ቀላል ነው። ሁለታችሁም ካውንቲ ክለርክ ቢሮ ትቀርባላችሁ፤ ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ወይም መታወቂያና 30 ዶላር ይዛችሁ። የኮሎራዶ ነዋሪ መሆን ግዴታ አይደለም፣ የደም ምርመራ የለም፣ ጠብቁ የሚባል ቀን የለም። ከዚህ በፊት አግብቶ የፈታ ካለ ፍቺው የጸናበትን ቀንና ቦታ ይጠየቃል። አገልግሎቱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 35 ቀን ብቻ ስለሆነ ተቻኩላችሁ በጁላይ እንዳታወጡት፤ ለእናንተ ቀን ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ይመቻል። ከእናንተው ከአራፓሆ ካውንቲ የወጣው ሐይቆቹ ባሉበት በላሪመር ካውንቲ ውስጥም ይሠራል፣ ከኮሎራዶ ውጭ ግን አይሠራም።

ኮሎራዶ ጥንዶች ራሳቸው ራሳቸውን እንዲያጋቡ ትፈቅዳለች። ዳኛም ቄስም ምስክርም በሕግ ግዴታ አይደለም፤ አጋቢው በሚፈርምበት ቦታ እናንተው ትፈርማላችሁ። ሽማግሌ ቢመርቃችሁ መልካም ነው፣ በወረቀቱ ላይ ግን ስሙ መግባት የለበትም። ሥነ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ የተፈረመውን ወረቀት በ63 ቀን ውስጥ ላወጣችሁበት ካውንቲ መልሱ። ካለፈ ቅጣት አለው። ካልመለሳችሁት ደግሞ ጋብቻው አይመዘገብም፤ የተረጋገጠ ቅጂ በፈለጋችሁ ቀን ራስ ምታት ይሆንባችኋል።

ዋናውን ወረቀት ሐይቁ ዳር ይዛችሁ አትውረዱ። ነፋስና ውኃ ባለበት አንድ ወረቀት ብቻ ይዞ መቆም ምን ይባላል? መኪና ውስጥ፣ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተቆንጥጦ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ ስትመለሱ ትፈርማላችሁ። ጥቁር ቀለም፣ ተራ እስክሪብቶ። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም፣ ስለዚህ ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመበት ካውንቲ የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደምትጽፉ አስቀድማችሁ እወቁ። በፓርኩ ያሉት ሐይቆች ቤር ሌክ፣ ስፕራግ ሌክና ሊሊ ሌክ ሦስቱም ላሪመር ናቸው።

ጥድ_ሥር

ወደ ቦታው ልምጣ። ሮኪ ማውንቴን ውስጥ ደስ ያላችሁ ሐይቅ ዳር ቆማችሁ መጋባት አትችሉም። ሁለት ሰውም ብትሆኑ ፐርሚት ያስፈልጋል፤ ፓርኩ ለጋብቻ የመደባቸው ቦታዎች አሉ፣ እያንዳንዱም የራሱ የሰውና የመኪና ገደብ አለው። ክፍያው 300 ዶላር ነው፣ አይመለስም። ገደቡ እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ የዓመቱን ዝርዝር ከፓርኩ ገጽ አንብቡ። ለሴፕቴምበር ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ ማመልከቻውን ከወራት በፊት አስገቡ፤ ቅጹ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫ ጻፉ።

ለአሥር ሰውና ለአንድ እናት የምመርጠው ስፕራግ ሌክን ነው። ከፍታው 2,650 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዙሪያው ከአንድ ማይል ያነሰ፣ ዊልቸር እንኳ ይሄዳል። መጸዳጃና የፒክኒክ ጠረጴዛ አጠገቡ አለ። ከምሥራቅ ዳርቻ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ የተራራው ሰንሰለት ሙሉ ለሙሉ ከፊታችሁ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ የምታበራው እነዚያን ጫፎች ነው።

ቤር ሌክ 2,888 ሜትር ላይ ነው፣ ሃሌት ፒክ ከፊቱ ቆሞ ያምራል፣ ግን ፓርኪንጉ ሳይነጋ ይሞላል፣ ሰውም አያጣም። ሊሊ ሌክ ከኤስቴስ ፓርክ ከተማ ወጣ ብሎ ሀይዌይ 7 ዳር ነው፤ የመግቢያ በር አያልፉም፣ ሎንግስ ፒክ ይታያል፤ ጉዳቱ የመኪናው ድምፅ ቪዲዮው ውስጥ መግባቱ ነው። ኢንስታግራም ላይ የምታዩት ድሪም ሌክ ለፎቶ ነው፤ ለሥነ ሥርዓት የተመደበ ቦታ አይደለም።

ከፍ_ይበል

@ጥድ_ሥር ስፕራግ ሌክማ ከሜዳ በምን ይለያል? ተራራ ላይ መጋባት ከፈለጉ ከፓርኩ ውጡና ወደ ናሽናል ፎረስት፣ ወደ መንግሥት ደን፣ ሂዱ። ለንግድ ያልሆነ፣ ከ75 ሰው በታች የሆነ ስብስብ በናሽናል ፎረስት በአጠቃላይ ፐርሚት አይጠይቅም። ብሬናርድ ሌክ ከ3,100 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ሁለት ማይል ያህል በእግር ስትሄዱ ሌክ ኢዛቤል ትደርሳላችሁ፣ 3,300 ሜትር። ያ ነው ሐይቅ።

ጥድ_ሥር

@ከፍ_ይበል ለሁለት ሰው ትክክል ነህ። ለእነዚህ ሰዎች ግን አይሆንም፤ ምክንያቱን ልንገርህ።

ሌክ ኢዛቤል ያለው ኢንዲያን ፒክስ የተባለው ጥብቅ የዱር ክልል ውስጥ ነው፤ እዚያ አንድ ቡድን ከ12 ሰው መብለጥ አይችልም። እነሱ 10፣ ፎቶ አንሺ 11፣ ረዳት ካለው 12። አንድ የአክስት ልጅ ሳይጠራ ከመጣ አለቀ። ብሬናርድ በሰመርና በፎል በሰዓት የተወሰነ የመኪና ሪዘርቬሽን ይጠይቃል፣ እሱም ቶሎ ያልቃል። የሌክ ኢዛቤል ውኃ ደግሞ በሰመሩ መጨረሻ ለመስኖ ስለሚለቀቅ በሴፕቴምበር ዳርቻው ጭቃና ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። በጁላይ የተነሳውን ፎቶ አይቶ በሴፕቴምበር የሚሄድ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ከሁሉም በላይ የእናትየው ጉዳይ አለ፦ በሐበሻ ቀሚስ አራት ማይል ደርሶ መልስ።

ከ75 ሰው በታች የሚለውም በሁሉም ቦታ አይሠራም፤ የራሱ ደንብ ያለው አካባቢ ብዙ ነው። ለዚያው አካባቢ ሬንጀር (የደን ጠባቂ) ቢሮ ደውሎ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰውን ቁጥር መናገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከፍ_ይበል

እናትየዋን አላሰብኩም ነበር። ይሁን፣ ስፕራግ። ግን ሁለታችሁ ብቻ በማግስቱ ወደ ላይ ውጡና ፎቶ ተነሱ፤ ቀሚሱ አንዴ ተለብሷል፣ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

ንጋት_ካሜራ

ሰዓቱን እኔ ልንገራችሁ፤ ከሐይቁ ይልቅ ለውጥ የሚያመጣው ሰዓቱ ነው።

ሴፕቴምበር 20 አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 6:45 ገደማ ነው። ውኃው መስታወት የሚሆነው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ባለው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ፀሐይ ድንጋዩን ስታሞቅ ነፋስ ይነሳል፣ ነጸብራቁም ይጠፋል። ስለዚህ 6:00 ፓርኪንግ፣ 6:30 ቦታችሁ ላይ፣ 7:00 ቃል ኪዳን፣ 7:25 አለቀ። ከሃያ አምስት ደቂቃ በላይ የሚፈልግ ነገር ሐይቁ ዳር አታድርጉ። ብርድ ነው፣ ሰውም መምጣት ይጀምራል፣ የሐይቁ ዳርቻም ለእናንተ ብቻ አይዘጋም፤ መንገደኛ በመካከላችሁ አልፎ ቢሄድ መብቱ ነው።

ቀኑን በሚመለከት፣ ቅዳሜና እሁድን ተዉት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ድግሱ ይከብዳል። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ አድርጉት። አስፐን የተባለው ዛፍ ወርቅ የሚመስለው በሴፕቴምበር መጨረሻ ሳምንታት ነው፣ መስቀል አካባቢ ማለት ነው። አንድ ሳምንት ብትገፉት ቢጫው ይበልጥ ያምራል፣ የመኪናውም ሰልፍ እንዲሁ።

ወደ ቤር ሌክ የሚወስደው መንገድ፣ ስፕራግ ሌክም እሱ ላይ ነው፣ ባለፉት ዓመታት ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ከጠዋቱ 5 እስከ ምሽቱ 6 የሰዓት ሪዘርቬሽን ሲጠይቅ ቆይቷል። ደንቡ በየዓመቱ ይነካካል። የሰርጉ ፐርሚት ስንት መኪና እንደሚያስገባላችሁ ደብዳቤው ላይ አንብቡና የቀሩትን በዚያ አስሉ። በሦስት መኪና ከመጣችሁ ሦስቱም ሾፌሮች የደብዳቤውን ቅጂ ይያዙ፤ አንዱ ወደኋላ ሲቀር እናትየዋ ያለችበት መኪና እንዳይሆን።

ድሮን በናሽናል ፓርክ ክልክል ነው፣ ከ2014 ጀምሮ። "ትንሽ ነው፣ ድምፅ የለውም" የሚል ቪዲዮ አንሺ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሁለት_ወረቀት

ሰዓት ከተነሳ፦ ለእናትሽ ጥሪውን ስትነግሪያት "ጠዋት አንድ ሰዓት" በያት እንጂ "ሰባት ሰዓት" አትበያት። ለዳላሶቹ ደግሞ በተቃራኒው። በጽሑፍ ላኩት፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርጋችሁ።

ነርስ_በዴንቨር

ስለ ከፍታው። ብዙ ሰው የሚሰጋው ለእናት ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ የኖረች ሴት ከጥቂት ቀን በፊት እስከመጣች ድረስ 2,650 ሜትር ለሳንባዋ አዲስ አይደለም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ለዳላሶቹ ነው። ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ ከተማ ዓርብ ማታ በርሮ ቅዳሜ ንጋት ተራራ ላይ የቆመ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ሊይዘው ይችላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሚጀምር ማታ ደህና የነበረ ሰው ጠዋት ይወድቃል።

ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቀድመው ይምጡ፦ አንዱን ዴንቨር፣ ሁለተኛውን ኤስቴስ ፓርክ ይደሩ። ኤስቴስ ፓርክ 2,290 ሜትር ገደማ ስለሆነ መሸጋገሪያ ይሆናል፤ ንጋት ላይ ከኦሮራ የአንድ ሰዓት ተኩልና የሁለት ሰዓት መንገድ ከመንዳትም ያድናችኋል። ዋዜማውን አልኮል ይቅር፣ ውኃ ይጠጣ፣ እራት ቀለል ይበል። የጤና ችግር ያለበት፣ በተለይ የልብ፣ የሳንባ ወይም የሲክል ሴል (የደም ሕመም)፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ እርምጃው ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። "ፎቶው እስኪያልቅ ታገስ" አይባልም።

እናትሽ የምትቸገረው በብርዱ ነው። በዚያ ወቅት ንጋት ላይ ዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆኑ የተለመደ ነው።

ጥለት_ቤት

ልብሱን ለእኔ ተዉልኝ።

ቀሚሱ ከመሬት አራት ጣት ከፍ ይበል። ሸማ ጥጥ ነው፤ ጤዛ የነካው ጫፍ ውኃውን ወደ ላይ ይስባል፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እስከ ቁርጭምጭሚት ረጥቦ ይከብዳል፤ ጥለቱ ላይ የተጣበቀ ጭቃ ደግሞ በእጥበት ቶሎ አይለቅም። ሰፊዋን አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ወይም ከውስጥ በኩል ቁልፍና ማንጠልጠያ ታድርግበት፤ ስትሄጂ ታጥፊዋለሽ፣ ስትቆሚ ትለቂዋለሽ።

ከውስጥ ቀጭን የሱፍ ሙሉ እጅና ሱሪ ልበሺ፣ ነጭ ወይም የቆዳሽን መልክ የሚመስል፤ ጥጥ ከሆነ አይረባም፣ ላብ ይይዝና ያበርዳል። ጫማ፦ እስከ መኪናው የተራራ ጫማ፣ ለፎቶ ብቻ ሌላ። ካባ ደርቦ መቆም ግርማ አለው፣ ግን ከፋይ ውኃ ይጠጣል፣ ከባድም ነው፤ ሰማዩ ካልጠራ መኪና ውስጥ ይቅር። ጋቢ ግን ለአሥሩም ሰው ይምጣ፣ ለእናቶች ሁለት ሁለት። ቃል ኪዳኑ ሲደረስ ለሁለታችሁ አንድ ጋቢ ማልበስ ደግሞ ሥርዓትም ሙቀትም ነው።

ፀጉርሽን ሹሩባ ተሠሪ። የተፈታ ፀጉርና ረጅም ቬል የተራራ ነፋስ አይችሉም። ነጠላው በትከሻ ላይ በመርፌ ይያዝ። ፀሐይ መከላከያ ክሬም ለሁሉም፤ ብርዱ ስለሚያታልል ሰው ፊቱ መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ነው።

ጀበና_በጋዝ

ቡናው ይቻላል፣ ሐይቁ ዳር ግን አይደለም። በፓርኩ ውስጥ ከሰል የሚነደው በፒክኒክ ቦታዎች ባለው የብረት ምድጃ ላይ ብቻ ነው። የእሳት እገዳ ከወጣ እሱም ይቀራል፤ ሴፕቴምበር ደረቅ ከሆነ እገዳ አይገርምም። ስለዚህ ከሰሉን ከነምድጃው እርሱትና መዝጊያ ቁልፍ ያለው ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ፤ በእገዳ ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፣ ዋዜማው ላይ ግን የዕለቱን ደረጃ አረጋግጡ። ቦታው ከፓርኪንጉ አጠገብ ያለው የፒክኒክ ጠረጴዛ ነው።

ቡናው ቤት ይቆላ፣ ቤት ይወቀጥ። ተራራ ላይ መቁላት ነፋሱ እሳቱን ስለሚያንገላታው ግማሹ ያራል፣ ግማሹ ጥሬ ይሆናል።

የጋዙ ዓይነት ወሳኝ ነው። ርካሹ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት አልለወጥ ይላል፤ ነበልባሉ ይሞትና ሰው ምድጃው የተበላሸ ይመስለዋል። ለተራራ የሚሸጠውን የአይሶቡቴንና የፕሮፔን ቅልቅል ግዙ። ቆርቆሮው ሌሊቱን መኪና ውስጥ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ይደር። የነፋስ መከለያውን ከቆርቆሮው በተቃራኒ በኩል አድርጉት፤ ዙሪያውን ከዘጋችሁት ቆርቆሮው ራሱ ይግላል፣ አደገኛ ነው።

የሸክላ ጀበና በቀጥታ በጋዝ ነበልባል ላይ ከተቀመጠ ቂጡ ይሰነጠቃል፤ በብርድ የቆየ ከሆነ ደግሞ በእርግጠኝነት። ከሥሩ የብረት ማሰራጫ ሳህን አድርጉ፣ ለብ ባለ ውኃ ጀምሩ፣ እሳቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ውኃውን ከሆቴል በቴርሞስ ትኩስ አድርጎ ማምጣት ጊዜውን በግማሽ ያሳጥራል። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ስለፈላ ብቻ አታውጡት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩለት፣ ቡናውንም ከወትሮው በአንድ ማንኪያ አብዙት። ለአሥር ሰው አንድ ዙር 800 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በአንድ መካከለኛ ጀበና አይዳረስም፣ ሁለት ያዙ ወይም ሁለተኛውን ዙር በቴርሞስ አስቀምጡ። ለሦስቱም ዙር ሦስት ሊትር ውኃ በቂ ነው፣ ማለቅለቂያው ሌላ። አተላው መሬት ላይ አይደፋም፣ በላስቲክ ይመለሳል።

ድፎ

ድፎ ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ይምጣ፣ ቢላዋ እንዳይረሳ። ጠጅ በጠርሙስ የምትይዙ ከሆነ እስከ አፉ አትሙሉት፤ አሁንም የሚፈላ ጠጅ ከዴንቨር ወደ ላይ ሲወጣ ቡሹን ገፍቶ ነጩን ቀሚስ ያጠጣዋል። ከኤስቴስ ፓርክ ስትነሱ አንዴ ከፍታችሁ አስተንፍሱት። የቀረው ድግስ ወደ ኦሮራ ተመልሳችሁ ነው፤ ሃቫና ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ስለማይጠፋ በአሜሪካ አቆጣጠር ለከሰዓት 2:00 ጠረጴዛ ያዙ።

ኦሮራ_ሙሽሪት

እግዚአብሔር ይስጥልን! ስፕራግ ሌክ፣ ሐሙስ፣ 7:00 ተባለ። ሦስት ነገር ቀረኝ። እናቴ ቄጤማና ዕጣን ካልኖረ ቡና አይባልም ትላለች። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ላሉት አክስቶቼ በቀጥታ በቪዲዮ ማሳየት እንፈልጋለን። ሦስተኛ፣ በረዶ ቢጥልስ?

ጥድ_ሥር

ቄጤማ መበተን አይቻልም። ሣር፣ ጽጌረዳ፣ ሩዝ፣ ፈንዲሻ፣ ከረሜላ፣ ወረቀት፣ ሁሉም ክልክል ነው፤ የውጭ ዘር እዚያ አፈር ላይ ይበቅላል፣ እንስሳቱም የሰው ምግብ ይለምዳሉ። ፊኛና እርግብ መልቀቅም እንዲሁ። መፍትሔው፦ ነጭ አንሶላ ወይም የሰሌን ምንጣፍ ከጠረጴዛው ሥር አንጥፉ፣ ቄጤማውን ለኦሮራው ቤት አቆዩ። ፈንዲሻ በሳህን ይቀርባል፣ አይበተንም።

ዕጣኑ ፍም ስለሚፈልግ ከከሰሉ ጋር አብሮ ይቀራል። ጧፍም እንዲሁ። ድምፅ ማጉያ አይፈቀድም። ከበሮም ቢሆን ተዉት። እልልታ ማንም አይከለክላችሁም፣ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ዙሪያችሁን እዩ፤ ስፕራግ ሌክ ሙዝ የተባለው ትልቁ የአጋዘን ዘር የሚመላለስበት ቦታ ነው። ከሙዝና ከድብ 120 ጫማ፣ 36 ሜትር ያህል፣ ከኤልክ፣ ከሌላው ትልቅ አጋዘን፣ 75 ጫማ መራቅ ደንብ ነው። ሙዝ ሐይቁ ዳር ቆሞ ካገኛችሁ እናንተ ናችሁ የምትርቁት፤ ለዚህ አሥር ደቂቃ መጠባበቂያ ያዙ። ሴፕቴምበር ደግሞ የኤልክ የመራቢያ ወቅት ስለሆነ የወንዱ ጩኸት ቃል ኪዳናችሁ መሐል ሊገባ ይችላል። ቪዲዮው ላይ ያምራል፣ ግን ቀረብ ብሎ ለማየት እንዳትሞክሩ።

ንጋት_ካሜራ

የቀጥታ ቪዲዮውን እርሱት። እዚያ የስልክ ኔትወርክ አይታመንም፤ አክስቶችሽ ተሰብስበው ጥቁር ስክሪን ሲያዩ ያመሻሉ። በሁለት ስልክ ከሁለት አቅጣጫ ቅረጹ፤ አንዱ ከሙሽሮቹ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው። ከአንገት ሥር፣ ነጠላው ውስጥ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ካለች ይበልጥ ይሻላል፣ ጨርቁ ነፋሱን ይጋርዳል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚሞት ስልኮቹ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ኪስ ውስጥ ይቆዩ።

በሴፕቴምበር በእኛና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት 9 ሰዓት ነው። የእናንተ 7:00 ለእነሱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። 9:30 ላይ ኤስቴስ ፓርክ ገብታችሁ ቪዲዮውን ስትልኩና ስትደውሉ እነሱ ጋ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ሁሉም ከሥራ ገብቷል። ሰዓቱ ለእነሱም የተሻለ ነው።

ከፍ_ይበል

በረዶ ቢጥል ለፎቶ የሚስተካከለው የለም፤ ችግሩ መንገዱ ነው። ጎማችሁን አሁን እዩት። ፐርሚቱ ለአንድ ቦታና ለአንድ ሰዓት የተሰጠ ስለሆነ "ስፕራግ ከበደን፣ ወደ ሊሊ እንሂድ" ብላችሁ ጠዋት ላይ መቀየር አትችሉም። ስለ ቀን መቀየር ምን እንደሚል ከደብዳቤው ላይ አንብቡ። መንገድ ከተዘጋ ግን ጋብቻው አይቀርም፦ ላይሰንሱ በመላው ስቴቱ ስለሚሠራ ያረፋችሁበት ቤት በረንዳ ላይም ቃል ኪዳን ይታሰራል። ለዚህ ሲባል ኤስቴስ ፓርክ የምትይዙት ማረፊያ መስኮቱ ወደ ተራራው የሚያይ፣ አሥር ሰው የሚይዝ ሳሎን ያለው ይሁን። ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ቦታ ካለ እሱ ነው።

የከሰዓት መብረቅ በጁላይና በኦገስት ይብሳል፤ ለ7:00 ሰዓት ሥነ ሥርዓት አያሰጋም። በማግስቱ ለፎቶ ወደ ላይ ከወጣችሁ ግን እኩለ ቀን ሳይሆን ውረዱ፣ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ደግሞ ወዲያው።

ሁለት_ወረቀት

ሁለት ነገር ልጨምር። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ላልሆነ፣ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ጎብኚ በ11 ፓርኮች ከመደበኛው ክፍያ በላይ 100 ዶላር ይጠየቃል፤ ሮኪ ማውንቴን አንዱ ነው። ለእናትሽ አስቡበት። በሩ ላይ በጨለማ ከመከራከር ዋዜማውን ከፓርኩ ገጽ አይቶ መጨረስ ይሻላል።

ሌላው ስም ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ የአባትና የአያት ስም እንዴት እንደተጻፈ በፊደል ደረጃ አንድ አድርጋችሁ ላይሰንሱ ላይ ጻፉ። በአንዱ "ገብረ" ተለይቶ፣ በሌላው ተጣብቆ ከተጻፈ በኋላ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ሲገባ ጥያቄ ያስነሳል። ከእናንተ አንዱ ለሌላው የሚያመለክት ከሆነ የሚፈለገው ካውንቲው ያተመው የተረጋገጠ ቅጂ ነው፤ ወረቀቱን ስትመልሱ ሦስት ቅጂ አዝዙ። ያለ አጋቢ የተፈጸመ ጋብቻ በኮሎራዶ ሕግ ሙሉ ጋብቻ ነው፤ ጋብቻችሁ እውነተኛ መሆኑን ማሳየት ግን የእናንተ ፋንታ ነው። ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር የተነሳችሁትን ፎቶ ከነቀኑ አስቀምጡ፣ ሁለታችሁ ብቻ ያላችሁበት ውብ ፎቶ አይበቃም። ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ጠበቃ ጠይቁ።

ድፎ

ንስሐ አባታችሁንም አሁኑኑ። ተክሊሉ በኋላ እንደሚሆን ያውቃሉ? በመካከል አብሮ ስለመኖር የሚሉት ነገር ይኖራል፤ ከሐይቁ ከተመለሳችሁ በኋላ ከሚሰሙት አሁን ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል።

ኦሮራ_ሙሽሪት

ነግረናቸዋል፣ ቀኑም ተይዟል፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት። እናቴ ስለ ዕጣኑ ገና አልተረታችም፤ "ሳይነድም ይሸታል፣ በእጄ ይዤው እቆማለሁ" ብላለች። ይፈቀዳል?

ጥድ_ሥር

ካልነደደ ማን ይከለክላታል? በከረጢት ትያዘው፣ መሬት ላይ ብቻ እንዳይፈስ።